የሰርቬይንግ 1 የመማር ውጤቶችን እንደ አዲስ ስንጽፍ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ፣ መጀመሪያ ሳምንት

ኮርሱ ሰርቬይንግ 1 (የመሬት ቅየሳ) ነው፤ ለሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች። 3 ክሬዲት አወር፣ 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት የሚቆጥር መለኪያ)። ሁለት መምህራንና አንድ የላብ ቴክኒሻን አብረን እንሰጠዋለን። በዚህ ክረምት የኮርስ አውትላይኑን (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) የመማር ውጤቶች እንደገና ልንጽፍ ተስማምተናል። ዝናቡ መስክ ስለማያስወጣ ለወረቀት ሥራ ጊዜው ጥሩ ነው። አውትላይኑ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እርስ በርስ የምንነጋገረው ግን በአማርኛ ስለሆነ ረቂቁንም በአማርኛ ነው የምንይዘው።

አሁን ያለው አውትላይን 11 አውትካም (የመማር ውጤት) አለው። ጥቂቶቹ፦

ተማሪው የሰርቬይንግን መሠረታዊ መርሆዎች ይረዳል።
ስለ ሌቭሊንግ በቂ ዕውቀት ያገኛል።
የተለያዩ የሰርቬይንግ መሣሪያዎችን ያውቃል።
በመለካት ጊዜ የሚፈጠሩ ስህተቶችን ይገነዘባል።

(ሌቭሊንግ የነጥቦችን የከፍታ ልዩነት መለካት ነው፤ ሌቭል የሚባለው አግድም የሚያይ መነጽር በትራይፖድ ላይ ተተክሎ፣ ነጥቡ ላይ የቆመው ስታፍ፣ ማለትም ቁጥር ያለው ዘንግ፣ ይነበባል።) የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ግን በሰሚስተሩ መጨረሻ አንዱ ተማሪ "አውቄያለሁ" ሌላው "አላወቅኩም" ቢል ልዩነታቸውን የምናይበት ቦታ የለም።

መጀመሪያ የሠራነው ያለፉትን ዓመታት የፋይናል ፈተናዎች ኤክሴል ላይ ማስፈር ነው። በአንዱ ዓምድ ጥያቄው፣ በሁለተኛው ማርኩ፣ በሦስተኛው የትኛውን አውትካም እንደሚለካ። ወጪ የለውም፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ኮርስ ሊከልስ የተነሳ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው።

የወጣው ነገር አስደነገጠን። ማርኩ ከሞላ ጎደል ሁለት ነገር ላይ ነው ያለው፦ ትርጉም መጻፍና ከተሰጠ ንባብ ከፍታ ማስላት። የሚሰጠው ንባብ ሁሌ ንጹሕ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር የለበትም። ስለ ስህተት የተጠየቀው "ሦስት የስህተት ዓይነቶችን ጥቀስ" ነው። መሣሪያ አጠቃቀም ፋይናል ላይ ምንም ማርክ የለውም። በላብ ሪፖርት አለ፤ እሱ ግን የቡድን ማርክ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የሌቭሉን ፉት ስክሩ (ማስተካከያ ብሎኑን) ሳይነካ ኮርሱን ጥሩ ውጤት ይዞ ሊጨርስ ይችላል። የሚያግደው ነገር የለም።

ተማሪዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። አውትላይን አያነቡም፤ ኦልድ ኤግዛም ነው የሚሰበስቡት። የኮርሱ እውነተኛ የመማር ውጤት የተጻፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ልክ ናቸው።

ሐምሌ፣ አጋማሽ

የመጀመሪያው ሙከራ ግሱን መቀየር ነበር። አብዛኞቻችን ሃየር ዲፕሎማ (የመምህራን የማስተማር ሥልጠና) ስንወስድ የተማርነው የብሉም ሠንጠረዥ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት፣ በ2001 የተከለሰው ማለት ነው፤ ከማስታወስ ተነሥቶ መፍጠር የሚደርሰው ስድስት ደረጃ። "ይረዳል" የሚለውን "ያብራራል" አደረግነው። "ያውቃል" የሚለው "ይዘረዝራል" ሆነ። "ይገነዘባል" ደግሞ "ይተነትናል"።

ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ከተከለሰው ዝርዝር አንዱን አንሥታ "እሺ፣ ይኼን የትኛው ጥያቄ ነው የሚለካው?" አለችኝ። "ተማሪው የሌቭሊንግ ስህተቶችን ይተነትናል" የሚለው ነበር። የምናመጣው ጥያቄ ያው የድሮው "ሦስት ስህተቶችን ጥቀስ" ሆነ። ግሱ ከፍ አለ፣ ሥራው ግን ያለበት ነው።

የገባን ነገር አለ። ደረጃውን የሚወስነው ለተማሪው የምንሰጠው ነገር አዲስ መሆኑ ነው። በክፍል ደጋግመን የሠራነውን ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ቀይረን ብናቀርበው፣ "ተንትን" ብለን ብንጽፍበትም የሚፈልገው ማስታወስ ነው። በሌላ በኩል "አስላ" የሚል ቀላል ግስ ተማሪው ያላየው የመስክ መዝገብ ላይ ሲመጣ ብዙ ያሳስባል። የግስ ሠንጠረዡን ከግድግዳው አላነሣነውም። ሥራ የምንጀምርበት ቦታ ግን እሱ እንዳልሆነ ተስማማን። ዝርዝሩን ትተን ከሌላ በኩል ለመነሣት ወሰንን።

ሐምሌ፣ መጨረሻ

ተማሪዎቻችንን የሚቀበሉትን መጠየቅ። ወጪው የስልክ ካርድ ነው። መንገድ ሥራ ላይ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችንና ሕንፃ የሚሠሩ ሳይት ኢንጂነሮችን ደወልን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ "አዲስ ተመራቂ ሌቭል ይዞ ሲመጣ ምኑ ያስቸግርሃል?"

የጠበቅነው "መሣሪያ መትከል አይችሉም" የሚል ነበር። አንዳንዱ እንደዚያ ብሏል። አብዛኛው ግን ሌላ ነገር አነሣ። አንዱ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ልጅ ያለውን እንዳለ ልጻፈው (ቤንችማርክ የሚለው ከፍታው የታወቀ ቋሚ ነጥብ ነው፤ መዝጋት ደግሞ መጨረሻ ላይ ወደ ታወቀ ነጥብ ተመልሶ ማረጋገጥ)፦ "ቲቸር፣ ማስላትማ ያሰላሉ። ያዩትን ቁጥር ግን ያምኑታል። ከቤንችማርክ ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው አይዘጉም። መሣሪያው ደህና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

ይህን ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ማመን፣ መጠርጠር፣ መዝጋት፣ መወሰን። ከድሮው 11 አውትካም ውስጥ አንዱም ተማሪው እንዲወስን አይጠይቅም። ሁሉም ነገር ተወስኖለት ነው የሚደርሰው።

ነሐሴ፣ መጀመሪያ

አዲሱ አካሄድ፦ መጀመሪያ ፈተናውን እንጽፋለን፣ ከዚያ አውትካሙን። የትምህርት ምሁሩ የጆን ቢግስ ሐሳብ ነው፤ የመማር ውጤቱ፣ የማስተማሪያው ሥራና ምዘናው አንድ መስመር ላይ ይቁሙ ይላል። ለአጻጻፉ ደግሞ ሮበርት ሜገር በ1960ዎቹ ያስተዋወቀውን ሦስት ክፍል ወሰድን፦ ተማሪው ምን ይሠራል፣ በምን ሁኔታ፣ ስንት ከሆነ ይበቃል።

አንዱን አውትካም ከጅምሩ እስካሁን ያለፈበትን ላስቀምጥ፤ ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት።

የድሮው፦ ስለ ሌቭሊንግ በቂ ዕውቀት ያገኛል።

ቀጥሎ፦ ተማሪው ሌቭሊንግ ይሠራል። ሥራ ገባበት። ግን የት? በምን? ሁለት ነጥብ ማንበብም ሌቭሊንግ ነው።

ቀጥሎ፦ ተማሪው በአውቶማቲክ ሌቭል ዝግ የሌቭል መስመር ይሠራል። ተሻለ። ሆኖም የመዝጊያ ስህተቱ (ወደ መነሻው ሲመለስ የሚታየው የከፍታ ልዩነት) አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነበት ተማሪም "ሠርቻለሁ" ይላል።

ቀጥሎ፦ ተማሪው በአውቶማቲክ ሌቭል 400 ሜትር የሚሆን ዝግ መስመር ሠርቶ፣ የመዝጊያ ስህተቱን ከ12√K ሚሊሜትር በታች ያደርጋል። ኬው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። ለ400 ሜትር 12 ጊዜ የ0.4 ሥር፣ ማለትም 7.6 ሚሊሜትር ይወጣል። አሁን ሁለት ሰው ቢያርመው አንድ መልስ ያገኛል።

ግን እዚህ ላይ ባልደረባዬ ጥሩ ነገር አነሣች። "ስህተቱ 9 ሚሊሜትር የመጣበት ተማሪ ምን ያደርጋል? አንድ ንባብ ይነካካና 6 ያደርገዋል።" እውነቷን ነው። ውጤቱን ብቻ ከጠየቅን ማጭበርበርን እያስተማርን ነው። ስለዚህ፦ ተማሪዎች በቡድን በአውቶማቲክ ሌቭል 400 ሜትር የሚሆን ዝግ መስመር ሠርተው የመዝጊያ ስህተቱን ያሰላሉ፣ ከ12√K ሚሊሜትር ጋር ያነጻጽራሉ፣ ሥራው ይቀበል ወይም ይደገም ብለው በምክንያት ይወስናሉ።

የሚመዘነው ውሳኔው ነው። 9 መጥቶበት "አይሆንም፣ እንደግማለን፣ የጠረጠርነው ይህን ነው" ያለ ቡድን ሙሉ ማርክ ያገኛል። እስካሁን ከጻፍነው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

ነሐሴ፣ መጨረሻ

ሰዓቱን ስናሰላ ዝርዝራችን አልገባም። 5 ኢሲቲኤስ በእኛ ስሌት 135 ሰዓት ነው፤ አንዱ 27። በሳምንት 2 ሰዓት ሌክቸር፣ 3 ሰዓት ላብ፣ ለ16 ሳምንት 80 ሰዓት። የቀረው 55 ተማሪው ለብቻው የሚሠራበት ነው።

ከዚህ የባሰው የመሣሪያ ሰዓት ነው። በአንድ የላብ ክፍል 30 ተማሪ አለ። የሚሠራ ሌቭል ሦስት። ለአንድ ሌቭል አሥር ሰው ማለት ነው። ዕቃ ማውጣትና መመለስ ግማሽ ሰዓት ይበላል። የሚቀረው 150 ደቂቃ ለአሥር ሲካፈል ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ። በአንድ ጊዜ ዓይኑን የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።

400 ሜትር መስመር በአንድ አቋቋም (ሌቭሉ አንዴ ሲተከል) 50 ሜትር ቢሸፍን ስምንት አቋቋም ይፈልጋል። ለአሥር ሰው አይዳረስም። "እያንዳንዱ ተማሪ ዝግ መስመር ይሠራል" ብለን ብንጽፍ የምንጽፈው የማይሆን ነገር ነው።

ስለዚህ ሰበርነው። መትከልና ማንበብ ለብቻ፣ መስመሩ በቡድን፣ መዝገቡን መመርመር ደግሞ እንደገና ለብቻ። ለመትከሉ ለሰው 15 ደቂቃ ይበቃል። መዝገብ መመርመር መሣሪያ አይፈልግም፤ ክፍል ውስጥም ይሠራል።

ሌላ የቆረጥነው አለ። ፕሌን ቴብል (መስክ ላይ በሰሌዳ ካርታ መሳል) ወጣ። ቼይን ሰርቬይ (በሰንሰለት ወይም በቴፕ ርቀት ብቻ መለካት) ወደ አንድ ሌክቸር ተጨመቀ። ባልደረባዬ ፕሌን ቴብል እንዲቀር ተከራከረች፤ ተማሪው መሬቱን እያየ መሳሉ ዓይኑን ያሠለጥነዋል የሚል ነው ምክንያቷ። ክርክሯ ጠንካራ ነው። ግን የመሣሪያው ሰዓት የለም፣ ሳይት ላይም አያገኙትም። ከ11 ወደ 6 ወረድን።

መስከረም

ስድስቱ አሁን ያሉበት ሁኔታ፦

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አውቶማቲክ ሌቭል በ3 ደቂቃ ውስጥ ተክሎ ስታፍ ያነባል፤ ንባቡ ከመዛኙ ንባብ ከ2 ሚሊሜትር በላይ አይለይም።

ሁለተኛ፣ የሁለት ነጥብ ፍተሻ (ሌቭሉ በእርግጥ አግድም ማየቱን የሚፈትሽ) ሠርቶ መሣሪያው ለሥራ ይብቃ ወይ አይብቃ በቁጥር ይወስናል።

ሦስተኛው ከላይ የጻፍኩት ዝግ መስመር ነው።

አራተኛ፣ የማያውቀው የመስክ መዝገብ ሲሰጠው ስህተቱን ያገኛል፣ ያርማል፣ የትኛው የአያያዝ ዘዴ ቢሆን ቀድሞ ይያዝ እንደነበር ያስረዳል።

አምስተኛ፣ ከግሪድ (በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ነጥቦች) ንባብ ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ይስላል፣ ለአንድ ሕንፃ መድረክ የቆረጣና የሙሊት (የሚቆፈረውንና የሚሞላውን አፈር) መጠን ያሰላል።

ስድስተኛ፣ በቴፕና በኮምፓስ አነስተኛ ትራቨርስ (ተያያዥ የመስመሮች ሰንሰለት) ለክቶ የመዝጊያ ስህተቱን በቦውዲች ዘዴ (በየመስመሩ ርዝመት መጠን) ያከፋፍላል።

2 ሚሊሜትሩን ከየት አመጣነው? ስታፋችን የተከፋፈለው በሳንቲ ሜትር ነው፤ ሚሊሜትሩ በዓይን ይገመታል። አንድ ሚሊሜትር ብንል ለጀማሪ ይከብዳል። ሦስት ብንል ደግሞ ፓራላክስ (ዓይን ሲንቀሳቀስ ንባቡ የሚለዋወጥበት የፎከስ ጉድለት) ያላጠፋ ተማሪ አምልጦ ያልፋል። 3 ደቂቃው የመጣው ከሙከራ ነው፤ ቴክኒሻናችን ከአንድ ደቂቃ በታች ይጨርሳል፣ ኮርሱን ያለፉ ተማሪዎች ደግሞ ከሁለት በላይ ወሰደባቸው።

ዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ ሁለት ጥያቄ ተነሣ። አንዱ የአሠራር ነው፦ ሥርዓተ ትምህርቱ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተዋሃደ ነው፤ የኮርሱን አውትካም ዝም ብሎ መቀየር አይቻልም። መፍትሔው ቀላል ሆነ። የተዋሃደው አናት ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ የእኛ ስድስት በየምዕራፉ ሥር ይገባሉ። እያንዳንዳቸው የትኛውን የላይኛውን እንደሚያሟሉ በአንድ ዓምድ ጻፍን።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። አንድ ሲኒየር መምህር "ይኼ የቴክኒክና ሙያ ዝርዝር ነው። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዚህ በላይ ማሰብ የለበትም?" አሉ። ሐሳባቸውን በቁም ነገር ነው የምወስደው። አንደኛው አውትካም ብቻውን ቢታይ ልክ ናቸው። እንዲህ መለስኩ፦ "ጋሼ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ይመልከቱልን። ተማሪው ማንም ያልነገረውን ችግር ፈልጎ አግኝቶ ነው የሚወስነው። መትከሉ ለዚያ መግቢያ ነው።" አልተስማሙም፤ አልከለከሉምም።

ስለ መውጫ ፈተናውም ተነሣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው ነው፤ በኮምፒውተር፣ በምርጫ ጥያቄ፣ ማለፊያው 50 በመቶ። የምርጫ ጥያቄ እጅን አያይም። ስለዚህ "ለመውጫ ፈተና የማይጠቅም ነገር ላይ ጊዜ አታጥፉ" የሚል ሐሳብ መጣ። እኛ በተቃራኒው ነው ያየነው። እጅን የሚያይ ሌላ ቦታ ስለሌለ ኮርሱ ውስጥ ካላየነው ማንም አያየውም።

ጥቅምት

ዝግጅትና ወጪ። ግቢው ውስጥ አራት ቋሚ ቤንችማርክ ሠራን። ብረቱ ከኮንስትራክሽን ማቴሪያል ላብ የተረፈ የ16 ሚሊሜትር ቁርጥራጭ ነው፤ ሲሚንቶና ጠጠሩም ከዚያው። ቀይ ቀለሙን ከኪሳችን ገዛን። ስድስቱን አውትካሞች በአንድ ገጽ አትመን ላሚኔት አስደርገን በየሌቭሉ ሳጥን ክዳን ውስጥ ለጠፍን። ሳጥኑን በከፈቱ ቁጥር ያዩታል። አውትላይኑ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቢሆን ማን ያየዋል?

የመጀመሪያው ላብ ላይ ተማሪዎቹ ቶሎ የያዙት "3 ደቂቃ" የሚለውን ነው። ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት ልምምድ ለማድረግ ሌቭል ለመዋስ የመጡ ነበሩ። ቴክኒሻናችን ቅዳሜ ጠዋት ላቡን ለመክፈት ፈቃደኛ ሆነ። ይህ በአውትላይኑ ውስጥ የለም፤ ያለ እሱ ግን ሥራው አይሄድም ነበር።

ኅዳር

የሁለት ነጥብ ፍተሻ። ኤንና ቢን 60 ሜትር አራርቀን ተከልን። ሌቭሉ መሐል ላይ ሲቆም ንባቡ ኤ 1.420፣ ቢ 1.275። ልዩነቱ 0.145። መሐል ስለሆነ የመሣሪያው ጉድለት በሁለቱም በኩል እኩል ገብቶ ይጠፋፋል፤ ይህ ትክክለኛው ልዩነት ነው። ከዚያ ሌቭሉ ወደ ኤ ተጠጋ። ኤ 1.530። ስለዚህ ቢ ላይ 1.385 መነበብ አለበት። የተነበበው 1.391። በ60 ሜትር 6 ሚሊሜትር። እኛ የያዝነው መስፈርት በ20 ሜትር 1 ሚሊሜትር ነው፤ ለ60 ሜትር 3 ብቻ። አይበቃም።

ቴክኒሻናችን ሊያስተካክለው ስክሩ ድራይቨር አነሣ። "ቆይ፣ እንዳለ ተወው" አልነው። ሁለተኛው አውትካም "ይብቃ ወይ አይብቃ ይወስናል" ይላል። ሁሉም መሣሪያ ደህና ከሆነ ተማሪው ሁሌ "ይበቃል" ብሎ ይገላገላል። የታወቀ ጉድለት ያለው ሌቭል ለፈተና ወርቅ ነው። ቁጥሩን በእኛ መዝገብ ብቻ ጽፈን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልነው። የተማሪዎቹን መስመር እንዳያበላሽ ሌቭሉ ከኋላውና ከፊቱ ስታፍ ያለውን ርቀት እኩል እንዲያደርጉ አጠበቅን፤ ያንን ካደረጉ ጉድለቱ ይጠፋፋል። ያላደረጉት ቡድኖች በዝግ መስመራቸው ያገኙታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አውትካም በዚህ ተያያዙ፤ በወረቀት ላይ ሳለን ግንኙነታቸውን አላየነውም ነበር።

ታኅሣሥ

7.6 ሚሊሜትሩን የሚያገኝ ቡድን ጠፋ። አብዛኛው ከ15 በላይ ነው። ደገሙ፣ ያው። የመጀመሪያ ሐሳባችን መስፈርቱን ወደ 24√K ማላላት ነበር፤ ለ400 ሜትር 15.2 ይሆናል። ወረቀቱን ልንቀይር ስንል ቴክኒሻናችን "መስፈርቱ ምን አደረገ? መሬቱን እዩት" አለ።

ሄደን አየን። መስመሩ የሚያልፈው መረሬ ላይ ነው። ጥቁሩ አፈር ገና እርጥበቱን አልለቀቀም። ተማሪው ኋላ አንብቦ ፊት እስኪያዞር ትራይፖዱ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ስታፉም እንዲሁ፤ መዞሪያ ነጥቡ (ሌቭሉ ሲዛወር ስታፉ የሚቆይበት ነጥብ) ላይ በመጀመሪያው ንባብና በሁለተኛው መካከል ይወርዳል። መሬት ላይ የቀረው የስታፍ እግር ምልክት በደንብ ይታያል። አንድ ስታፍ ላይ ደግሞ መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ አይቆልፍም ነበር።

ከወርክሾፕ የብረት ቁርጥራጭ አምጥተን መሐሉ ላይ ነት በየድናቸው፣ ለመዞሪያ ነጥብ መቆሚያ ሆኑ። ዋጋው የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው። ስታፉን ወደ ጎን አደረግነው። ግማሹ ቡድን መስመሩን በአስፋልቱ ጠርዝ ደገመ፣ ግማሹ እዚያው መረሬው ላይ ከመቆሚያው ጋር። አስፋልት ላይ ያሉት ከመስፈርቱ በታች ገቡ። መረሬ ላይ ያሉት ተሻሻሉ፤ አንዳንዶቹ ግን አሁንም ከመስፈርቱ በላይ ናቸው።

12√K እንዳለ ቀረ። አውትካሙ ላይ የተጨመረው ሁኔታው ነው፦ "በጠንካራ መሬት ላይ ወይም በመዞሪያ መቆሚያ"። መረሬውን ግን ከኮርሱ አላወጣነውም። ሪፖርታቸው ላይ "መሬቱ ሰምጧል ብለን እንጠረጥራለን፤ አስፋልት ላይ ብንደግም ይቀንሳል" ብለው ሳይነገራቸው የጻፉ ቡድኖች ነበሩ። በሐምሌ በስልክ የሰማነው "ቁጥሩን ያምኑታል" የሚለው ችግር እዚህ ላይ ሲለቅ በዓይናችን አየነው። ያንን ሪፖርት ሳነብ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልፈልግም።

ጥር

የግል የተግባር ፈተና። ሁለት መዛኝ፣ ሁለት ጣቢያ። ከፈተናው በፊት አንድ ተማሪ ለሁለታችንም አንድ ላይ ሞከረልንና ማርካችን ተለያየ። ቼክሊስቱ "በብሉን (የማመጣጠኛውን የአየር አረፋ) በትክክል አስተካክሏል" ይላል። እኔ የክቡን መስመር የነካውን አሳለፍኩ፣ ባልደረባዬ ጣለችው። "በብሉ ሙሉ በሙሉ ከክቡ ውስጥ ነው፣ ምንም አይነካም" በሚል ተቀየረ።

ፓራላክስ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ተማሪው አጥፍቶት ይሁን ሳያጠፋው እንዴት እናውቃለን? ቴክኒሻናችን ያመጣው ዘዴ፦ ከእያንዳንዱ ተማሪ በፊት መዛኙ አይፒሱን (የዓይን መመልከቻውን) ያዞረዋል፤ ክሮስ ሄሩ (በመነጽሩ ውስጥ ያለው የማንበቢያ መስመር) ይደበዝዛል። ፓራላክስ የማያጠፋ ተማሪ ንባቡ ከ2 ሚሊሜትር ይወጣል ወይም ጨርሶ አያነብም። ቼክሊስቱ ላይ "ፓራላክስ አጥፍቷል" የሚለውን መስመር ሰረዝነው፤ ንባቡ ራሱ ይናገራል።

አራተኛው አውትካም ፋይናል ላይ ገባ። የሰጠነው መዝገብ በሃይት ኦፍ ኢንስትሩመንት ዘዴ (እያንዳንዱ ንባብ ከመሣሪያው ከፍታ ላይ እየተቀነሰ) የተያዘ ነው። ቤንችማርክ 100.000፣ የኋላ ንባብ 1.385፣ የመሣሪያ ከፍታ 101.385። የመሐል ንባብ 2.140፣ የተጻፈው ከፍታ 99.425። የፊት ንባብ 0.960፣ ከፍታ 100.425። የኋላው ሲቀነስ የፊቱ 0.425፤ የመጨረሻው ከፍታ ሲቀነስ የመጀመሪያው 0.425። ቼኩ ገጠመ። ሆኖም የመሐሉ ከፍታ 99.245 መሆን ነበረበት፤ አሃዞቹ ተገለባብጠው 18 ሳንቲ ሜትር ተሳስቷል። ቼኩ የመሐል ንባብን ስለማይነካ ዝም አለ። በራይዝ ኤንድ ፎል (ከንባብ ወደ ንባብ ያለውን መውጣትና መውረድ በሚመዘግበው ዘዴ) ቢያዝ ኖሮ 0.755 መውረድና 1.180 መውጣት በየመስመሩ ስለሚደመሩ ስህተቱ ቼኩ ላይ ይወጣ ነበር።

ቼኩ ስለገጠመ ብቻ "ትክክል ነው" ብለው ያለፉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ አዘንን። ቆይተን ስናስበው ግን ጥያቄው ሥራውን ሠርቷል። የድሮው ፈተና ይህን ክፍተት አያሳየንም ነበር። ለሚቀጥለው ዙር ከሰሚስተሩ መሐል በፊት ሁለት እንዲህ ያለ መዝገብ ለልምምድ እንሰጣለን፤ ስህተቱ በየጊዜው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ይህ የዘንድሮው ገጽ ኦልድ ኤግዛም ሆኖ ከአሁኑ በቴሌግራም እየዞረ ስለሆነ ዳግመኛ አይሠራም።

የካቲት

ያልተፈታው አምስተኛው ነው። ኮንቱሩ ከአንድ ተማሪ ወደ ሌላው ተገልብጧል፤ ሥዕሎቹን ደርበን በመስኮት ብርሃን ስናያቸው መስመር ለመስመር ይገጥማሉ። አውትካሙ "ይስላል" ነው የሚለው፤ ከምን እንደሚስል አላሰረም። ሁሉም አንድ ግሪድ ነው የተሰጣቸው።

ለሚቀጥለው ሰሚስተር የያዝነው ሐሳብ የመድረኩ ከፍታ በመታወቂያ ቁጥራቸው የመጨረሻ ሁለት አሃዝ እንዲወሰን ነው። ኮንቱሩ አንድ ቢሆንም የቆረጣና የሙሊቱ ስሌት ለየሰው ይለያያል። መልሶቹን ለማረም የኤክሴል ሺቱን ባልደረባዬ ጀምራዋለች። በተጨማሪም ቆረጣና ሙሊቱ የሚመጣጠንበትን ከፍታ ራሳቸው እንዲመርጡና ለምን እንደመረጡ እንዲጽፉ ማድረግ እንችላለን፤ ይህ ግን ከ55ቱ የግል ሰዓት ስንት እንደሚወስድ መጀመሪያ በሁለት ተማሪዎች ላይ መሞከር አለበት። ሙከራው የምዝገባው ሳምንት ላይ ነው።